ፎርማት አድርጎ መጫን ወይስ በላዩ ማሻሻል፤ የአንድ ክርክር ታሪክ ከ1981 እስከ 2025

በኮምፒዩተር መጠገኛ ሱቆች ደጃፍ ጥቂት ቆሞ ያደመጠ ሰው «ፎርማት ይደረግ» የሚለውን ቃል ደጋግሞ መስማቱ አይቀርም። ኮምፒዩተሩ ቢዘገይም፥ ቫይረስ ቢገባበትም፥ አዲስ ዊንዶውስ ወጣ ቢባልም የሚታዘዘው መድኀኒት ይኸው አንዱ ነው፤ ዲስኩ ይጠረግና ሁሉም ነገር ከመሠረቱ እንደገና ይጫናል። በሌላው ወገን ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የሚሠሩት ኩባንያዎች ደንበኞቻቸው አዲሱን በአሮጌው ላይ እንዲያሻሽሉ ይገፋፋሉ። ሁለቱም ወገኖች ነገሩን የሚናገሩት ውሳኔ እንዳገኘና እንደ ተዘጋ ጉዳይ አድርገው ነው። አንዱ ምክር ከሌላው የተሻለ የሆነበት ዘመንና ምክንያት ምን እንደ ነበረ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ አላገኘሁም።

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ይህን ክርክር በታሪኩ በኩል መርምሮ፥ «ፎርማት ይሻላል» የሚለው እምነት ከየት እንደ መጣ፥ በየትኛው ዘመን እውነት እንደ ነበረና ከመቼ ወዲህ መሠረቱ እንደ ተናጋ ማሳየት ነው። የምናገረው ስለ ግል ኮምፒዩተር፥ ይልቁንም በአገራችን መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች በብዛት ስለሚገኘው ስለ ዊንዶውስ ነው፤ ሌሎቹን የምጠራቸው ለማነጻጸር ሲጠቅሙ ብቻ ነው። ወሮቹና ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። ፎርማት አድርጎ መጫን የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚኖርበት የዲስክ ክፍል ከነያዘው ተደምስሶ፥ አዲሱ ሲስተም በባዶ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ነው። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ ይጭናል፤ ድራይቨሮቹን ይፈልጋል፤ የግል ፋይሎቹንም አስቀድሞ በሌላ ስፍራ ቀድቷቸው እንደ ሆነ ይመልሳል። በላዩ ማሻሻል፥ በተለምዶ አፕግሬድ የሚባለው፥ አሮጌው ሲስተም በቦታው እንዳለ አዲሱ እንዲተካው፥ ፕሮግራሙም ፋይሉም ቅንብሩም እንዲቆይ የሚደረግበት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ቤቱን እስከ መሠረቱ አፍርሶ እንደ መሥራት፥ ሁለተኛው ሰዎቹ በውስጡ እየኖሩ ግድግዳውንና ጣራውን እንደ መለወጥ ያለ ነው። ይህ ምሳሌ ግን በአንድ ነገር ይጎድላል። ቤት ሲፈርስ ዕቃው አስቀድሞ መውጣት አለመውጣቱን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያያል፤ በዲስክ ላይ ግን የሲስተሙ ግድግዳ የትኛው፥ የባለቤቱ ዕቃ የትኛው እንደ ሆነ በዐይን አይለይም። የክርክሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከዚህ በታች የሚተረከውም ታሪክ በአጭሩ የግድግዳና የዕቃ መቀላቀል ታሪክ ነው ለማለት ይቻላል።

ክርክሩ ከግል ኮምፒዩተር ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። አይ ቢ ኤም በኦገስት 1981 የመጀመሪያውን የግል ኮምፒዩተሩን ለገበያ ሲያቀርብ መሣሪያው ሃርድ ዲስክ አልነበረውም። ዶስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በፍሎፒ ዲስኬት ላይ ይኖር ነበር፤ ባለቤቱ የጻፈው ደብዳቤና ያሰላው ሒሳብ ደግሞ በሌላ ዲስኬት ላይ ይቀመጣል። አዲስ ዶስ ሲወጣ የሚደረገው አሮጌውን ዲስኬት አውጥቶ አዲሱን ማስገባት ነበር፤ አዲሱ ያልተስማማው ሰው በዚያው ሰዓት አሮጌውን ይመልሳል። ሲስተሙና ንብረቱ ተለያይተው ስለ ኖሩ «ልጥረግ ወይስ ላሻሽል» ብሎ የሚያሰላስል አልነበረም።

ይህ ኑሮ የተለወጠው በ1983 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ኤክስ ቲ የተባለው የአይ ቢ ኤም ኮምፒዩተር 10 ሜጋባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ በውስጡ ነበረው። መጠኑ ዛሬ በስልክ የተነሡ ጥቂት ፎቶግራፎች የሚሞሉት ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ዶስም፥ ፕሮግራሞቹም፥ ደብዳቤዎቹም አንድ ላይ ለመግባት በቁ። እንደ እኔ አስተያየት የዚህ ክርክር እውነተኛ የልደት ዓመት ይህ ነው። በትልልቆቹ ኮምፒዩተሮች ዘንድ ተመሳሳይ ጥያቄ ቀደም ብሎ ይታወቅ ነበር፤ በ1964 በታወጀው በሲስተም 360 ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከማከፋፈያ ቴፖች እየተቀዳ ለየመሥሪያ ቤቱ መሣሪያ ተለክቶ ይሰናዳ ነበር። ነገር ግን ያ ለዚሁ የተቀጠሩ ባለሙያዎች ሥራ ስለ ነበረ ከተራው ባለቤት ችግር ጋር የሚቈጠር አይደለም።

ማይክሮሶፍት በጁን 1991 ዶስ 5ን በማሻሻያ መልክ ለተራው ተጠቃሚ ሲሸጥ ምን ያህል እንደ ተጠነቀቀ ከመጫኛው አሠራር ይታወቃል። መጫኛው ወደ ዋናው ሥራ ከመግባቱ በፊት «አንኢንስቶል» የሚል ስም የሚጻፍበት ዲስኬት ይጠይቃል፤ አሮጌውንም ዶስ «ኦልድ ዶስ 1» በሚባል ማውጫ ውስጥ አኑሮ ያቆየዋል። ነገሩ ካልሠመረ ባለቤቱ በዚያ ዲስኬት ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ከሠመረ ደግሞ አሮጌውን የምታጠፋ ለዚሁ ብቻ የተሠራች አንዲት ትእዛዝ ነበረች። ዛሬ ዊንዶውስ የቀድሞውን ሲስተም «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚል ፎልደር ውስጥ ሲያስቀምጥ የምናየው ይህንኑ የ1991 ጥንቃቄ ነው።

በማኪንቶሽ በኩል በ1990ዎቹ አጋማሽ የነበረው ልማድ ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። የማኪንቶሽ ሲስተም በአንድ የሲስተም ፎልደር ውስጥ የተሰበሰበ ስለ ነበረ የአፕል መጫኛ ንጹሕ መጫን ሲታዘዝ ዲስኩን አይጠርግም፤ አሮጌውን ፎልደር ስሙን ለውጦ ወደ ጎን ያደርገውና በአጠገቡ አዲስ ያቆማል። ባለቤቱም የሚፈልጋቸውን ፎንቶችና ተጨማሪ ክፍሎች ከአሮጌው እየመረጠ ወደ አዲሱ ያዛውራል። በዚያ ዘመን በማኪንቶሽ ተጠቃሚዎች ዘንድ «ንጹሕ» ማለት «የተደመሰሰ» ማለት አልነበረም። በእኛ ሱቆች ሁለቱ ቃላት አንድ ተደርገው ስለሚወሰዱ ስንት ፋይል በከንቱ እንደ ጠፋ እግዜር ይወቀው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። «ፎርማት ይሻላል» የሚለው እምነት ሥር የሰደደው በዊንዶውስ 95 ዘመን ይመስለኛል። ዊንዶውስ 95 ኦገስት 24 ቀን 1995 ሲወጣ ዶስና ዊንዶውስ 3.1 ለነበረው ሰው የሚሸጠው ማሻሻያ ዋጋ ወደ 110 ዶላር ነበር፤ ሙሉው ደግሞ ወደ 210 ዶላር። ስለዚህ ምርጫው በሙያ ብቻ ሳይሆን በኪስም የሚወሰን ሆነ። ነገሩን ያወቀ ሰው ግን ርካሹን ማሻሻያ ገዝቶ በባዶ ዲስክ ላይ ለመጫን ይችል ነበር፤ መጫኛው የቀድሞውን ዊንዶውስ ዲስኬት አሳየኝ ይለዋል፤ እርሱም ያሳየዋል፤ ሥራው ይቀጥላል። ሲዲ ማንበቢያ የሌለው ሰው ማሻሻያውን በ13 ዲስኬት ገዝቶ አንድ በአንድ ሲያጎርስ ይውል ነበር።

ማሻሻልን የመረጠው ሰው ምን ይገጥመው ነበር? መጫኛው አዲሶቹን ፋይሎች በቀድሞው የዊንዶውስ ማውጫ ውስጥ በአሮጌዎቹ መካከል ይበትናቸዋል። ለዶስ የተጻፉ ድራይቨሮች ከመነሻዎቹ ፋይሎች ውስጥ ሳይወጡ ይቀራሉ፤ ዊንዶውስ 3.1 ቅንብሩን የሚጽፍባቸው ፋይሎችም እንዲሁ፤ በእነርሱ ላይ ደግሞ ሬጂስትሪ የሚባለው አዲሱ የቅንብር መዝገብ ይጨመራል። አንድ ነገር በሦስት ስፍራ ተጽፎ ሲገኝ የትኛው እንደሚሠራ ለማወቅ ባለሙያውም ይቸገር ነበር።

ከዚህ የባሰው ግን የዲ ኤል ኤል ጣጣ ነው። ዲ ኤል ኤል የሚባሉት ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸው ፋይሎች ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚቀመጡት በሲስተሙ ፎልደር ውስጥ ነበር። አንድ ፕሮግራም ሲጫን የራሱን ቅጂ ይዞ ይመጣና በፎልደሩ ያለውን አዲስ ቅጂ ባረጀ ይተካዋል፤ ከዚያ በኋላ ትናንት ደኅና ይሠራ የነበረ ሌላ ፕሮግራም ዛሬ አልከፈት ይላል። ባለቤቱ ጥፋቱን የሚያሳብበው በተበላሸው ፕሮግራም ላይ ነው እንጂ ባበላሸው ላይ አይደለም። ፈረንጆቹ ይህን ችግር የዲ ኤል ኤል ሲኦል ብለው ሰይመውታል። እንዲህ ሆኖ ሁለትና ሦስት ዓመት የቆየ ሲስተም በላዩ ሲሻሻል የተከማቸው ጕድፍ ሁሉ ወደ አዲሱ ይሻገራል። በዚያ ዘመን ዲስኩን ጠርጎ መጫን ይሻላል ያለ ሰው ልክ ነበር፤ ማይክሮሶፍትም ራሱ በፌብሩዋሪ 2000 በወጣው ዊንዶውስ 2000 ውስጥ የሲስተሙን ፋይሎች ከእንዲህ ያለ መተካት የሚጠብቅ ክፍል ማስገባቱ የችግሩን ክብደት ይመሰክራል።

ኦክቶበር 25 ቀን 2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስ ፒም ይህን ምክር አጠናከረው እንጂ አልሻረውም። ኤክስ ፒ ሁለት ዘሮችን በአንድ ያዋሐደ ሲስተም ነው። ከዊንዶውስ 98 የመጣው ሰው በዶስ ላይ ከቆመው ቤት ኤን ቲ በሚባለው መሠረት ላይ ወደ ተሠራው ቤት መሻገሩ ነበር፤ ለቀድሞው የተጻፉት ብዙ ድራይቨሮች በአዲሱ አይሠሩም። ማሻሻሉ ይፈቀድ ነበር፤ ነገር ግን የተፈቀደ ሁሉ የሚመከር አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው ዊንዶውስ ቪስታ ነው። ቪስታ ጃንዋሪ 30 ቀን 2007 ለሕዝብ ሲሸጥ ብዙ ነቀፌታ ወረደበት፤ ነቀፌታውም አብዛኛው የተገባ ነበር። ስለዚህ ከእርሱ ጋር የመጣውን የመጫኛ ለውጥ ያስተዋለው ሰው ጥቂት ሆነ፤ ለእኔ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ነጥብ የለም። ከቪስታ በፊት መጫኛው ፋይሎችን አንድ በአንድ እየፈታ በየስፍራቸው ይገለብጥ ነበር። ከቪስታ ጀምሮ አዲሱ ሲስተም አስቀድሞ ተሰናድቶ በአንድ የምስል ፋይል ውስጥ ታሽጎ ይመጣል፤ መጫኛውም ይህን ምስል እንዳለ በዲስኩ ላይ ይዘረጋዋል። በባዶ ዲስክ ላይ ሲጫንም፥ በላዩ ሲሻሻልም የሚዘረጋው ያው ምስል ነው። ልዩነቱ በማሻሻል ጊዜ መጫኛው አዲሱን ከዘረጋ በኋላ የባለቤቱን ፋይሎች፥ ቅንብሮችና ፕሮግራሞች ከአሮጌው ወደ አዲሱ ማጓጓዙ ነው። እንግዲህ ከ2007 ወዲህ በላዩ ማሻሻል ማለት በውስጡ ንጹሕ መጫን ሆኖ፥ ጓዝ ማጓጓዝ የታከለበት ነው። በዲስክ ላይ አሮጌና አዲስ የሲስተም ፋይል ተደባልቆ ይቀራል የሚለው የ1995 ስጋት በዚህ ምክንያት ቦታውን ለቀቀ። የቀረው ችግር የጓዙ ችግር ነው፤ የማይስማማ ድራይቨር፥ ያረጀ ፀረ ቫይረስ፥ የተበላሸ ቅንብር አብሮ ይሻገራል።

ታዲያ ምክሩ ስለ ምን አልተለወጠም? አንዱ ምክንያት ዊንዶውስ 7 ይመስለኛል። ይህ ሲስተም ኦክቶበር 22 ቀን 2009 ሲወጣ ቪስታ የነበረው ሰው በላዩ ለማሻሻል ይችል ነበር፤ ኤክስ ፒ የነበረው ግን ፕሮግራሞቹን ይዞ መሻገር አልተፈቀደለትም፤ አዲስ መጫን ግድ ሆነበት። ብዙው ሰው ደግሞ ቪስታን ጠልቶ በኤክስ ፒ ላይ የቆየ ነበር። በዚያው ወራት ብዙዎች ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት ሲስተም ይሻገሩ ነበር፤ ይህንንም ዊንዶውስ በላዩ በማሻሻል አይፈቅድም። ስለዚህ አንድ ትውልድ ጠጋኝ ሙያውን የተማረው ፎርማት ማድረግ ግዴታ በነበረበት ጊዜ ነው። ግዴታው ቀረ፤ ልማዱ ግን ቆየ።

ማሻሻል በጠባዩ ጕድፍ የሚያከማች ነው ለሚሉ ሰዎች ደግሞ ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ማኅበር አቀርባለሁ። ዴቢያን በኦገስት 1993 ተመሠረተ፤ ተጠቃሚዎቹም ከእትም ወደ እትም የሚሻገሩት በአብዛኛው በላዩ እያሻሻሉ ነው። ይህ የተቻለው በዕድል አይደለም። በዴቢያን እያንዳንዱ የሲስተም ፋይል የየትኛው ጥቅል ንብረት እንደ ሆነ በመዝገብ ተጽፏል፤ ባለቤቱ በእጁ የለወጠው የቅንብር ፋይል ካለ ጥቅሉ ሲሻሻል መጫኛው ቆሞ ይጠይቀዋል፤ «የራስህን ላቆይ ወይስ አዲሱን ላድርግ?» ይለዋል። ግድግዳውና ዕቃው በመዝገብ ስለ ተለዩ መፍረስ አላስፈለገም። ሕጉ ግን ጥብቅ ነው፤ አንድ እትም ዘሎ መሻገር አይፈቀድም፤ ሁለት እትም የቀረ ሰው ሁለት ጊዜ ማሻሻል አለበት። ሬድ ሃት ለድርጅቶች የሚያቀርበው ሊኑክስ በአንጻሩ ከዋና እትም ወደ ዋና እትም ለሚያልፉ ሰዎች ለብዙ ዓመታት አዲስ መጫንን ይመክር ነበር፤ በ2014 ከወጣው ከሰባተኛው እትም ወዲህ ነው ለተወሰኑ ሁኔታዎች በላዩ ማሻሻልን መደገፍ የጀመረው። ሁለቱም ሊኑክስ ሆነው ምክራቸው የተለያየው ለማሻሻል ያወጡት ድካም ስለ ተለያየ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ማሻሻልን ያለ ልክ እንዳወደስሁ እንዳይታሰብ የዊንዶውስ 10ን ታሪክ ማንሣት ያስፈልጋል። ይህ ሲስተም ጁላይ 29 ቀን 2015 ሲወጣ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7 እና 8.1 ላላቸው ሰዎች ለአንድ ዓመት በነጻ እንዲሻሻሉ ፈቀደ። በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ የሚያስቅ ነገር ነበር፤ ንጹሕ መጫን የፈለገ ሰው የነጻውን ፈቃድ ለማግኘት መጀመሪያ በላዩ አሻሽሎ ማስመዝገብ፥ ከዚያ በኋላ ዲስኩን ጠርጎ ዳግመኛ መጫን ነበረበት። በኖቬምበር 2015 በወጣው እትም የዊንዶውስ 7 ወይም 8.1 ቁጥር በቀጥታ ተቀባይነት ስላገኘ ይህ ድካም ቀረ። ላልወደደው ሰው ወደ አሮጌው የሚመለስበት ጊዜ በመጀመሪያ 30 ቀን ነበር፤ በ2016 ክረምት በወጣው እትም ወደ 10 ቀን ወረደ።

የማሻሻል ትልቁ ጥፋት የደረሰው ግን በ2018 ነው። ዊንዶውስ 10 ኦክቶበር 2 ቀን 2018 ያወጣው እትም በተወሰኑ ሰዎች ኮምፒዩተር ላይ ሰነዶችንና ፎቶግራፎችን ደመሰሰ፤ ማይክሮሶፍትም ከጥቂት ቀናት በኋላ ስርጭቱን አቆመ። ምክንያቱ ሲመረመር እንዲህ ሆኖ ተገኘ። አንዳንድ ሰዎች የሰነድ ፎልደራቸውን ወደ ሌላ ዲስክ አዙረው ነበር፤ በቀድሞው ፎልደር ግን ፋይል ትተው ነበር። አዲሱ እትም የቀድሞውን ፎልደር ትርፍ ነው ብሎ ከነፋይሉ አጠፋው። ማይክሮሶፍት እንደ ገለጸው ጥፋቱን ያመለከቱት እትሙን ከጫኑት ከ10,000 አንድ ያህሉ ነበሩ፤ እትሙም ተስተካክሎ የወጣው ኖቬምበር 13 ቀን ነው። ቁጥሩ ያነሰ መሆኑ ፋይሉ ለጠፋበት ሰው መጽናኛ አይሆንም። ለእኛ ግን ትምህርት ያለው ነገር አለ፤ መጫኛው የባለቤቱን ዕቃ የሲስተሙ ትራፊ አድርጎ ቈጠረው። ከፍ ብሎ የተጻፈው የግድግዳና የዕቃ ነገር ይኸው ነው።

ፎርማት ማድረግም ከዚሁ ስሕተት ነጻ አይደለም፤ ይህንንም ከማናቸውም አገር ይልቅ በእኛ አገር ማየት ይቻላል። የአማርኛ ፊደል 33 ነው፤ እያንዳንዱ በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፥ አኀዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከዚያ ያልፋል። የቀድሞዎቹ ፎንቶች ግን ያላቸው የኮድ ቦታ 256 ብቻ ሲሆን ከእርሱም ሁሉ ለፊደል የሚውል አልነበረም። ስለዚህ እንደ ቪዥዋል ግእዝና ፓወር ግእዝ ያሉ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በየራሳቸው ሥርዓት በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ አስቀመጡት። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ የመጣው በቪስታ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ ሰነድ የሚነበበው የተጻፈበት ፎንት በኮምፒዩተሩ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ፎንቱ ከሌለ በገጹ ላይ የሚታየው ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ድርድር ነው።

ታዲያ ፎንቱ የሚኖረው የት ነው? በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ፤ ማለት በሲስተሙ ግድግዳ ውስጥ። እኔ በማውቀው አንድ ጽሕፈት ቤት የአንድ ኮምፒዩተር ዲስክ ፎርማት ሲደረግ ጠጋኙ ደብዳቤዎቹን ሁሉ በጥንቃቄ በፍላሽ ቀድቶ መልሷቸው ነበር። ጸሐፊዋ ስትከፍታቸው አንዱም አልተነበበም። ፋይሎቹ ቫይረስ በላቸው ተብሎ ተወሰነና ከወረቀት ቅጂዎች ላይ እንደገና መጻፍ ተጀመረ። ሥራው ከተጀመረ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው አንድ ሌላ ሠራተኛ ከጎተራ ከወጣ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ፎንቱን አግኝቶ ደብዳቤዎቹ ሁሉ ደኅና እንደ ነበሩ የታየው። ያ ኮምፒዩተር በላዩ ተሻሽሎ ቢሆን ኖሮ ፎንቱ ከጓዙ ጋር ይሻገር ነበር። ከዩኒኮድም በኋላ ቢሆን ነገሩ ጨርሶ አልቀረም፤ በዊንዶውስ 10 ኒያላ ከዋናው ሲስተም ወጥቶ በምርጫ የሚጨመር ክፍል ሆኗል። በእንግሊዝኛ ብቻ አዲስ በተጫነ ኮምፒዩተር ላይ በኒያላ የተጻፈ ሰነድ ሲከፈት ፊደሉ ይነበባል፤ መልኩና የገጹ አሰላለፍ ግን ይለወጣል።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው። ሲስተሙ በቫይረስ ከተያዘ፥ ኮምፒዩተሩ ከማይታወቅ ሰው እጅ ከመጣ፥ ወይም ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት የሚሻገር ከሆነ መጥረግ ይገባል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጕዳዮች ጓዙ ራሱ የተጠረጠረ ስለ ሆነ ማጓጓዙ ሕመሙን ማጓጓዝ ነው። ሲስተሙ ጤነኛ ሆኖ እትሙ ብቻ ያረጀ ከሆነ፥ ይልቁንም መጫኛቸው የጠፋ አሮጌ ፕሮግራሞች ካሉበት፥ በላዩ ማሻሻል ይሻላል። ለሁለቱም አስቀድሞ መቅዳት ያስፈልጋል፤ የ2018ቱ ነገር ይህን በሚገባ አሳይቷል። መጠገኛ ሱቆቹን ሙሉ በሙሉ መውቀስም ተገቢ አይደለም። ፎርማት ማድረግ የሚፈጀው ጊዜ አስቀድሞ ይታወቃል፤ የአንድን የታመመ ሲስተም ደዌ መርምሮ ማግኘት ግን የግማሽ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ደንበኛው ደግሞ ለምርመራ አይከፍልም።

በሌሎቹ መሣሪያዎች ላይ ይህ ክርክር ከናካቴው እየቀረ ነው። ከ2011 ጀምሮ የሚሸጡት ክሮምቡኮች ሁለት የሲስተም ቅጂ አላቸው፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይታደሳል። አንድሮይድ በ2016 በወጣው በሰባተኛው እትሙ ተመሳሳይ መንገድ ለስልኮች ፈቀደ። አፕል በ2019 ሲስተሙን ከባለቤቱ ንብረት ለይቶ ለመጻፍ በማይፈቀድ የዲስክ ክፍል ውስጥ አኖረው፤ በ2020 ደግሞ አተመው። በ1981 በሁለት ዲስኬት ተለያይተው የኖሩት ሲስተምና ንብረት አንድ ዲስክ ላይ ሆነውም እንደገና ተለያዩ። ዊንዶውስ ግን የቀድሞ ፕሮግራሞችን ሁሉ ተሸክሞ የሚሄድ ሲስተም ስለ ሆነ እስከዚህ ድረስ አልሄደም።

ኦክቶበር 5 ቀን 2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ቲ ፒ ኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍልና ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ብዙ ደኅና የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች በደንቡ መሠረት ሊሻሻሉለት አይችሉም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ለግል ተጠቃሚዎች የተሰጠው የጥበቃ ዕድሳት ማራዘሚያ የአንድ ዓመት ነው። ከዚህ የተነሣ ወደ ሊኑክስ ለመሻገር የሚያስቡ ሰዎች በሚገኙበት ወገን ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ በላዩ ማሻሻል የሚባል ነገር ስለሌለ ምርጫው አስቀድሞ ተወስኗል፤ ዲስኩ ይጠረጋል። በእነዚህ ኮምፒዩተሮች ላይ ያሉት የቀድሞ የአማርኛ ሰነዶች በየትኛው ፎንት እንደ ተጻፉ መዝግቦ የያዘ መሥሪያ ቤት ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።